ከኋላ ያለችው ማብሪያ

ጃብሪያ፣ ነሐሴ፣ ከፎቁ ላይ ክፍል፣
ደጁ እየነደደ ውስጡ ብርድ ሲያድል፣
ካርቶን ልሰበስብ ፌስታል ይዤ ገባሁ፤
ከሐወሊ የመጣ የብረት ሣጥን አየሁ።
ቁመቱ መካከል፣ ጎኑ መስታወት፣
ሆዱ ገና ባዶ፣ ሰው ያልገባው ቤት።

ሚሻሪ ወለሉ ላይ፣ እግሩን አጣምሮ፣
ስልኩን ትራስ አስደግፎ፣ ቪዲዮ ጀምሮ፣
ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያዳምጣል፤
በዚህ ሁሉ ብርድ ላብ ካንገቱ ይወርዳል።
ፕሮሰሰሩን ይዞ፣ በጥፍሩ ቆንጥጦ፣
ሊጭነው ነው በግድ፣ አቅጣጫውን ለውጦ።

"ላ!" አልኩ፤ ድምፄን ራሴ አላመንኩም፤
በዚህ ቤት ሦስት ዓመት "ላ" ብዬ አላውቅም።

"ከጥጓ ላይ እያት፣ የወርቅ ነጥቧን፣
ከሶኬቱ ምልክት አጋጥማት ጥጓን።
በራሷ ትገባለች፣ አትጫናት በእጅህ፤
አንዲት መርፌ ከታጠፈች አበቃ ገንዘብህ።"
አየኝ፣ ጠረጴዛ አፍ አውጥቶ እንዳናገረው፤
ከዚያ ፕሮሰሰሩን ቀስ አድርጎ አዞረው።

ኮምቦልቻ ስማር፣ ለሃያ ሁለታችን
አንዲት የሞተች ማሽን ብቻ ነበረችን።
ፈታን፤ ገጠምናት። ፈታን፤ ገጠምናት።
መብራት ሲጠፋ እንኳ በዳሰሳ አወቅናት።
"እጅ ይማር፣ ዓይን ይረሳል" ይለን ነበር መምህር ይመር።
ብሎኗን በቁጥር፣ ሽቦዋን በቀለም
አውቃለሁ። ስትበራ ግን አይቼ አላውቅም።

ፌስታሉን ጣልኩና ጎኑ ተንበረከኩ።
"ማዘርቦርድ ባዶ ብረት ላይ አይተኛም፤
ዘጠኝ የናስ እግር ካልቆመ አይሆንም።"
(በኛ ብንጠራው እናት ሰሌዳ ነው፤
እናትን ከብረት ላይ ማን ነው የሚያስተኛው?)
ቅባቱን ምስር ያህል ጠብ አድርጌ መሃሉን፣
ማቀዝቀዣው ሲጫን ይዘረጋል እንዳሉን።
ራሙን በሁለተኛው፣ በአራተኛው ቦይ፤
ቀጭ አለ። "ይህቺን ድምፅ ሰማህ ወይ?"

ግራፊክስ ካርዱ ግን ረዘመ በጣት፤
የዲስኩ መደርደሪያ ቆሟል ፊት ለፊት።
"ሣጥኑ ጠበበ፣ ይመለስ" ሲል ልጁ፣
ካቻቪቴውን ነጥቄ ላብ ካራሰው እጁ፣
አራት ብሎን ፈታሁ፣ መደርደሪያውን አወጣሁ፤
ካርዱን በሁለት እጄ አቅፌ አስገባሁ።

ሽቦው ሁሉ አለቀ። ማብሪያውን ተጫነ።
ምንም።
የልጁ ፊት እንደ ኖራ ነጭ ሆነ።
"አበላሸሽብኝ!"
                እናቱ ከደረጃው "ዘሐራ!" ስትጣራ፣
ሺህ ዲናር ታየኝ፣ ያንድ ዓመት የኔ ሥራ።
ጉልበቴ ከዳኝ፤ እጄ ግን ብቻውን
ከጀርባው ዞሮ ዳሰሰ ፓወር ሰፕላዩን።
እዚያ ነች፤ ዜሮው ላይ ተኝታለች ማብሪያዋ፤
ቪዲዮው ዘሏታል፣ ትንሽ መስሎት ዋጋዋ።
ቀጭ።

ፋኑ ዞረ። መስታወቱ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤
በአማርኛ ነው ያመለጠኝ፦ "እንዴ!"

ማዳመጫውን ደፍቶ ጓደኞቹን ጠራ።
"ማን ገጠመው?" ብለው ሲጠይቁት፣ "አነ!"
አለ። ዓረብኛ እሰማለሁ።
ደረጃውን ወረድኩ፣ ካርቶኑ በክንዴ እንደሆነ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ፣
ሣጥኑን ይዞ ቆሟል፣ እንደ በሽተኛ እቅፍ።
"ይንኮሻኮሻል" አለኝ። ከፈትኩለት ጎኑን።
አንዲት ሽቦ ወጥታ ትነካካለች ፋኑን።
በጣት ገፋ አደረኳት። ዝም አለ። እሱም ዝም።
"ለእናቴ እንዳት..." ሲል፣ "አልነግርም።

ግን የድሮው ኮምፒውተር፣ ካልጋህ ሥር ያለው፣
ወዴት ነው የሚሄድ?"
                "ወደ ቆሻሻ ነው።"

ይኸው ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከፍራሼ ራስጌ፣
በትራስ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሆዱን ሸሽጌ፣
ቤቱ ሲተኛ እፈታዋለሁ በቢላዋ ጫፍ።
ልጁ "ሞቷል" ነው የሚለው።
እኔ ግን አስቀድሜ ከኋላ ነው የማየው።